ለጥጋቡ የተተከሉ ሶኬቶች

ታክ፣ ታታክ፣ ታክ። አዋሽ ሰባት ኪሎ ባቡር ጣቢያ፣ ከትኬት መሸጫው ጎን ባለችው ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ የቴሌግራፉ የነሐስ ምላስ ሲያንኳኳ ድምፁ ውጭ እስካሉት ዛፎች ጥላ ድረስ ይሰማ ነበር። ቀትር ላይ ሙቀቱ ሰውን ሁሉ፣ ተሸካሚውንም ዘበኛውንም፣ በየጥላው ሲዘርረው፣ በዚያ ከተማ የማይተኛ እሱ ብቻ ነበር። ዛሬ ያን ድምፅ የሚያስታውሱ ሰዎች ጥቂት ናቸው። የሚያስታውሱትም አብረው የሚያነሡት ስም አንድ ነው፤ የአቶ ወልደገብርኤል።

አቶ ወልደገብርኤል የተወለዱት ድሬዳዋ ነው። ጢማቸው ሳይበቅል ባቡር መሥሪያ ቤት ገብተው፣ ምሰሶ ላይ እየወጡ ሽቦ ሲወጥሩ ጎረመሱ። ከዚያ የቴሌግራፉን ቋንቋ በጆሮ መለየት ተማሩና ወንበር አገኙ። አዋሽ ሲመደቡ ለአንድ ክረምት ነው ተብለው ነበር። ክረምቱ ሳያልቅ የሐዲድ ጠጋኙን ልጅ ንጋትወርቅን አገቡና እዚያው ቀሩ።

የቴሌግራፍ መስመር እንደ ቤት መብራት ሁለት ሽቦ አልነበረውም። ሽቦው አንድ ነው። ከዚህኛው ጣቢያ አንድ ብረት፣ ከወዲያኛው ጣቢያ አንድ ብረት መሬት ውስጥ ይቀበራል፤ ኤሌክትሪኩ በሽቦ ይሄዳል፣ በአፈር ይመለሳል። በበጋ አፈሩ ደርቆ አልመልስ ሲል፣ የቴሌግራፍ ሰዎች ጨው የተበጠበጠበት ውሃ ብረቱ ሥር ያፈስሳሉ፤ ምላሱም እንደገና መንኳኳት ይጀምራል። አቶ ወልደገብርኤል ይህን ሥራ ስንት ዘመን እንደሠሩት እሳቸውም አይቆጥሩትም። ብረቱን ውሃ ማጠጣት ለእሳቸው ፊት እንደ መታጠብ ነበር።

ሌላም ልማድ ነበራቸው። የሞት መልእክት በሽቦ ሲመጣ ለተላላኪ አይሰጡም። ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ይከቱና፣ ሟቹ ክርስቲያን እንደሆነ ወደ እድሩ ዳኛ፣ እስላም እንደሆነ ወደ ሼህ ከማሉዲን ቤት ራሳቸው ይሄዳሉ። ሽማግሌዎቹ ተነጋግረው፣ ሰው አሰባስበው፣ ጎህ ሲቀድ የባለቤቱን በር ያንኳኳሉ። መርዶ ወጉ ይህ ነው። ለብቻ አይነገርም፤ በቀትር አይነገርም፤ ቆሞ አይነገርም። አቶ ወልደገብርኤል የከተማውን ሰው መርዶ ሁሉ ቀድመው ሲሰሙ ኖሩ፤ ለባለቤቱ ግን አንድም ቀን በራሳቸው አፍ ተናግረው አያውቁም።

አብዮቱ ሲመጣ ቴሌግራፉ ከሥራ ሊወጣ ተቃርቦ ነበር። በቦታው ስልክ ተተካ፤ እሳቸውም ጡረታ ወጡ። ፈረንሳዊው የጣቢያ አለቃ የኖረበት ትልቅ ቤት ለሦስት ቤተሰብ ሲከፋፈል ለእነሱ ሁለት ክፍልና፣ ከግቢው ማዶ ያለው የቆርቆሮ ጋራዥ ደረሳቸው። መኪና የላቸውም። ጋራዡን የያዘው ልጃቸው ጥጋቡ ነው።

ጥጋቡ ራዲዮ ይጠግን ነበር። በአሰብ መንገድ የሚመላለሱ ሾፌሮች ከገዋኔ ወዲህ አቧራ የበላውን ራዲዮናቸውን ጥለውለት ይሄዱና በመልሳቸው ይወስዱታል። ችግሩ ጋራዡ ውስጥ ሶኬት አለመኖሩ ነበር። ከመኝታ ክፍሉ መስኮት አንድ ረጅም ሽቦ አውጥቶ፣ በዚያች በአንዲት ሽቦ ላይ የመበየጃ ካውያውንም፣ አምፖሉንም፣ የሚሞክረውንም ራዲዮ ይሰካባታል። ሽቦዋ ትግላለች። እናቱ ንጋትወርቅ በግቢው ሲያልፉ በእጃቸው መዳፍ እየነኩ፣ «ዛሬም ትኩሳት አላት» ይላሉ።

ከዚያ ብሔራዊ ውትድርና መጣና ቀበሌው የጥጋቡን ስም ጠራ። የሄደ ዕለት ካውያውን በጨርቅ ጠቅልሎ መደርደሪያ ላይ አስቀመጠና፣ «ስመለስ ሶኬት እናስገባለን፣ አባዬ» አለ። አባትየውም «እናስገባለን» አሉ። ከዚህ የበለጠ አልተነጋገሩም።

ይህ ከሆነ ሁለት ዓመት ሞልቶ፣ በፍልሰታ ጾም፣ አቶ ወልደገብርኤል እንደ ልማዳቸው የአዲስ አበባውን ባቡር ሊያዩ ጣቢያ ወርደው ነበር። ጡረታ ከወጡም በኋላ ባቡር ሲገባ ቤት መቀመጥ አይሆንላቸውም። ተሳፋሪው ምሳ ሊበላ ሲወርድ፣ ግራ እጁ በፋሻ የታሰረ አንድ ወጣት ሰዉን እየጠየቀ ወደ እሳቸው መጣ። ስሙ ሰላሀዲን ነበር።

«የጥጋቡ አባት እርስዎ ነዎት?»

«ነኝ።»

«እኔ የድሬዳዋ ልጅ ነኝ። የሐኪሞች ቦርድ ከሠራዊቱ አውጥቶኝ ወደ ቤቴ እየሄድኩ ነው። ከጥጋቡ ጋር አንድ ጓድ ውስጥ ነበርን።»

አቶ ወልደገብርኤል ዕድሜያቸውን ሙሉ አጫጭር ቃል ሲያዳምጡ የኖሩ ሰው ናቸውና፣ ቀጥሎ የሚመጣውን ከመምጣቱ በፊት አወቁት። ልጁ ሌላውን ቀስ ብሎ ነገራቸው። በሰሜን ነው። አልተሠቃየም። «ብቻውን አልተቀበረም። ሁላችንም ነበርን» አላቸው።

«በእጅህ ምን አገኘህ?» ሲሉ ጠየቁት።

«ፍንጣሪ ነው። ይድናል አሉኝ።»

«ምሳ በላህ?»

አልበላም ነበር። ከመስኮቱ ሥር ከሚሸጡት ሴቶች ሙዝ ገዝተው ሰጡት። ባቡሩ ጮኸ፤ ልጁ ጉልበታቸውን ስሞ ተሳፈረ። እሳቸው ወደ ቤታቸው ሄዱ፣ እጃቸውን ታጠቡ፣ ለምሳ ተቀመጡ። ሽሮውን ቀምሰው «ጨው በዝቷል» አሉ።

«እንደ ሁልጊዜው ነው» አሉ ንጋትወርቅ።

ማታውኑ ወደ እድሩ ዳኛ ቤት ሄዱ። ኪሳቸው የከተቱት ወረቀት የለም እንጂ ነገሩ ያው ነበር። ዳኛው በረንዳ ላይ ተቀምጠው ስለ ስኳር ኩፖን ያወሩ ነበር። አቶ ወልደገብርኤልም ስለ ስኳር ኩፖን አወሩ፣ ዘንድሮ አዋሽ ሞላ አልሞላ ተባባሉ፣ ተመለሱ። ከዚያ ቀበሌው ያሳውቅ አሉ በሆዳቸው። እኔ ከመንገደኛ የሰማሁትን ይዤ ድንኳን ባስተክልና ኋላ ልጄ ቢመጣስ አሉ። ይህን የኋለኛውን ግን እሳቸውም አላመኑትም። ደረታቸው ውስጥ ምንም አልነበረም፤ ሽቦው ተቆርጦ ምላሱ ዝም ያለበት ክፍል ይመስል ነበር። ያዘኑ እንኳ አልመሰላቸውም። ይበሉ ነበር፤ ይተኙ ነበር፤ ባቡር ሲገባ ይወርዱ ነበር።

ኅዳር ገባ። ንጋትወርቅ ወሩን ሲያሰሉ ቆይተው አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ወሬ አነሡ። ጎረቤታቸው ሁሪያም ነበረች። ሁሪያ የወሎ ሰው ናት፤ ከጣቢያው ፊት ለፊት ለሾፌሮች ሻይና ምግብ ትሸጣለች፤ ሥራ ስትፈታ እዚህ ግቢ ነው የምትውለው።

«የውትድርናው ሠላሳ ወር ሊሞላ ነው» አሉ ንጋትወርቅ። «ለገና ይደርሳል። ያን ጋራዥ እንደዚያ አድርገህ ነው የምትቀበለው?»

«ምን ሆነ ጋራዡ?» አሉ አቶ ወልደገብርኤል።

«ሶኬት የለውማ። መጥቶ እንደገና ያቺን የምትግል ሽቦ ሊጎትት ነው? አስገባለሁ ብለኸው አልነበር?»

«ብዬው ነበር።»

«እንግዲያው አስገባ።»

«አንዱን ሶኬት ለእኔ ተዉልኝ» አለች ሁሪያ። «ፍሪጅ ልገዛ ነው።»

«ከየት አምጥተሽ?» አሉ ንጋትወርቅ።

«ሕልሜ ነዋ። እሱ እንኳ በኩፖን አልሆነ።»

ንጋትወርቅ ሳቁ። አቶ ወልደገብርኤል ሁለቱን ሴቶች አዩና «ነገ እጀምራለሁ» አሉ። አልሠራም ለማለት ምክንያቱን መናገር ነበረባቸው፤ እሱን ከመናገር ሶኬት መትከል ይቀል ነበር።

በከተማው ሱቅ ሶኬት ነበር፤ ሽቦ ግን አልነበረም። ነጋዴው ሀሰን እጁን ዘርግቶ «ሽቦ ካዩ ለእኔም ይንገሩኝ» አላቸው። ከአልጋቸው ሥር ከሥራ ዘመናቸው የተረፈ አንድ ጥቅል ነበር፤ ነጠላ፣ ረጅም፣ ደህና ሽቦ። ከቆጣሪው እስከ ጋራዡ ሄዶ ይተርፋል፤ ለደርሶ መልስ ግን አይበቃም። አቶ ወልደገብርኤል ጥቅሉን ይዘው ግቢው መሀል ጥቂት ቆሙ። ከዚያ ሄደው ከጣቢያው ጥግ ከተጣለው ብረታ ብረት አንድ የሐዲድ ቁራጭ አምጥተው ጋራዡ ውስጥ፣ ከቆርቆሮው ግድግዳ ሥር፣ በመዶሻ ቀበሩት። ሽቦውን ከቆጣሪው አምጥተው ወደ ሶኬቶቹ አስገቡት፤ የሶኬቶቹን ሌላኛውን እግር ከሐዲዱ ጋር አሰሩት። አንዱ በሽቦ ይሄዳል፤ ሌላው በመሬት ይመለሳል። ይህን ሲሠሩ አላሰቡበትም። እጃቸው የሚያውቀውን ሠራ።

አምፖል ሰክተው አዩት። በራ፤ ግን እንደ ታመመ ሰው ዓይን ቀልቶ ነው የበራ።

«ይሄ ነው እንዴ?» አሉ ንጋትወርቅ።

«አፈሩ ደርቆ ነው። ጨው በውሃ በጥብጠሽ ሥሩ አፍስሽበት።»

አፈሰሱ። አምፖሉ ጥቂት ደመቀ። ንጋትወርቅ ደስ አላቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ለዶሮዎቹ ውሃ ካደረጉ በኋላ የተረፈውን ውሃ፣ ጨው እየነሰነሱበት፣ ለሐዲዱ ያጠጡ ጀመር። አቶ ወልደገብርኤል በር ላይ ቆመው ያዩአቸዋል። ሚስታቸው ጎንበስ ብለው፣ ምንጊዜም እንደሚያደርጉት ቀሚሳቸውን በአንድ እጃቸው ሰብሰብ አድርገው፣ ቀስ ብለው ያፈስሳሉ። አሁን ልንገራት ይላሉ በሆዳቸው። ከዚያ ውሃው ያልቅና ንጋትወርቅ ይወጣሉ።

ሁሪያ አንድ ጠዋት ይህን አገኘች።

«እናንተዬ፣ ብረት ተክላችሁ ነው የምታጠጡት?» አለች። «ምን ሊያፈራ ነው? ሚስማር?»

«እሱን ጠይቂው» አሉ ንጋትወርቅ። «ቴሌግራፍ እንዲህ ነበር አለኝ።»

«ወላሂ፣ ባቡር ቤት የኖረ ሰው ቀልቡ አይሟላም። አምጪው እስቲ፣ እኔም ላጠጣ። የእኔም ሶኬት አለበት።»

ጣሳውን ተቀብላ አፈሰሰች። አምፖሉ በርቶ ነበር። ሁሪያ ጣሳውን መለሰችና ቀና ስትል እርጥብ እጇን ግድግዳው ላይ አሳረፈች።

አልጮኸችም። ክንዷ ከግድግዳው ጋር ተጣብቆ አንድ ጊዜ ተንቀጠቀጠች፣ ከዚያ እግሯ ከዳትና በክብደቷ ተላቃ መሬት ወደቀች። ንጋትወርቅ ሊያነሡዋት ሲንደረደሩ አቶ ወልደገብርኤል «አትንኪያት፤ ግድግዳውንም እንዳትነኪ» አሉና ወደ ቆጣሪው ሄደው ማብሪያውን አወረዱት። ሲመለሱ ሁሪያ ተቀምጣ ቀኝ እጇን በግራ እጇ ይዛ ታየው ነበር።

«እጄ አለ ወይ? እዩልኝ እስቲ» አለች። «አለ አይደል? እኔ አልተሰማኝም።»

«አለ» አሉ ንጋትወርቅ፤ ጣቶቿን አንድ በአንድ እያሻሹ። «ይኸው አለ።»

አቶ ወልደገብርኤል ቆመው ያዩ ነበር። አንዲት ሴት በእሳቸው ሥራ ልትሞት ነበር። ይህን በአእምሯቸው ተናገሩት፤ ደገሙት፤ የራሳቸው ጉዳይ አልመስል አላቸው። የገዛ እጃቸው ከሁሪያ እጅ ይልቅ የደነዘዘ መሰላቸው።

ከሰዓት በኋላ ይልቃል ተጠርቶ መጣ። ይልቃል በባቡር ዲፖው የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፤ ልጅ እግር፣ ቀልደኛ፣ የጥጋቡ የዕድሜ እኩያ። መብራቱን አስበርቶ፣ ኤሌክትሪክ ሲነካት በምትበራው መፈተሻ መፍቻው ሐዲዱን ነካ፤ መፍቻዋ በራች። ግድግዳውን ነካ፤ በራች። የበሩን ማጠፊያ ነካ፤ በራች። መልሶ አጠፋውና ጎንበስ ብሎ የሽቦውን አገባብ ተመለከተ።

«ይሄን ማን ሠራው?»

«እኔ» አሉ አቶ ወልደገብርኤል።

«ይቀልዳሉ።»

«አልቀለድኩም።»

«ጋሽ ወልደገብርኤል፣ ቴሌግራፍ እኮ በባትሪ ነው። ቢይዝዎትም እንደ ጉንዳን ነክሶ ይተዎታል። ይሄ ሁለት መቶ ሃያ ቮልት ነው። መሬቱ ድንጋይ ነው፤ አልቀበልም ሲለው ወዴት ይሂድ? እዚሁ ሐዲዱ ላይ ተቀምጦ ሰው ይጠብቃል። ሐዲዱ ቆርቆሮውን ነክቷል፤ ስለዚህ ጋራዡ በሙሉ ሽቦ ነው። ውሃ ባጠጣችሁት ቁጥር ደግሞ የቆመበትን ሰው እግር እያረጠባችሁለት ነው።»

«ጨውም ነበረው» አለች ሁሪያ ከደጃፉ። ክንዷን በነጠላ አስራ አንጠልጥላዋለች። «እንደ ቋንጣ ሊያደርቁኝ አስበው ነው።»

ይልቃል አልሳቀም። «ጥጋቡ መጥቶ ካውያውን በአንድ እጁ ይዞ በሌላው ግድግዳውን ቢደገፍስ? ከዚያ ሁሉ ጥይት የተረፈ ልጅ እዚህ፣ እናቱ ጓሮ ውስጥ?»

«ስሙን እንዲህ ካለ ነገር ጋር አታንሳው» አሉ ንጋትወርቅ።

«ይቅርታ፣ እትዬ። ፈርቼ ነው።»

አቶ ወልደገብርኤል ሐዲዱን ያዩ ነበር። ይልቃል የሽማግሌውን ፊት አይቶ ያፈሩ መሰለውና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ምንም አይደል። ሽቦ ካገኘን እኔ አግዝዎታለሁ። አፍርሰን እንሠራዋለን።»

ሽቦውን ያስመጣችው ሁሪያ ናት። ምግብ ቤቷ ለሚበላ አንድ የአሰብ ሾፌር ነግራው፣ በሳምንቱ ጥቅሉን ከመቀመጫው ሥር አውጥቶ ሰጣት። «ካሳዬ ነው» አለች፤ «ኤሌክትሪክ በያዘው እጄ ነው የተቀበልኩት።»

ሥራው እንደገና ተጀመረ። በዚህ ጊዜ አዛዡ ይልቃል፣ አቀባዩ አቶ ወልደገብርኤል ሆኑ። ይልቃል መጀመሪያ ማብሪያውን አወረደ፤ ከዚያ ፊውዙን ነቅሎ ኪሱ ከተተው። «ማብሪያ ማንም ሰው ያነሣዋል» አለ። «ይሄ ግን እኔ ኪስ ውስጥ እስካለ ድረስ ሞት የለም።» ቢሆንም እያንዳንዱን ሽቦ ከመያዙ በፊት በመፈተሻዋ ይነካው ነበር። ለጋራዡ ከቆጣሪው ሥር የራሱን መስመር አወጣለት፤ የራሱንም ፊውዝ ሰጠው፤ ከመኝታ ክፍሉ ጋር መጋራቱ ቀረ። ሽቦዎቹ ሦስት ሆኑ፤ የሚሄደው፣ የሚመለሰው፣ ሦስተኛው ደግሞ የመሬቱ። አይጥ እንዳይበላቸው ሁሉንም በቱቦ ውስጥ አሳለፋቸው።

ሐዲዱን አውጥተው ከጋራዡ ጀርባ፣ የማጠቢያ ውሃ በሚፈስበት ለስላሳ አፈር ውስጥ ጠለቅ አድርገው ቀበሩት። ሦስተኛውን ሽቦ ከሐዲዱ ጋር አሰሩት፤ የቆርቆሮውን ግድግዳም አብረው አሰሩ።

«አሁን ሐዲዱ ሥራ የለውም» አለ ይልቃል። «ዝም ብሎ ይቀመጣል። ሽቦ ተልጦ ብረት የነካ ቀን ብቻ ወደ እሱ ይሮጣል፤ ፊውዙም ይቃጠላል። ሰው ከሚቃጠል።»

«ገባኝ» አሉ አቶ ወልደገብርኤል። በእርግጥም ገብቷቸው ነበር። ቱቦ ቆረጡ፣ የሽቦ ጫፍ ላጡ፣ ብሎን አጠበቁ። ሥራው ደህና ነበር። ሰው ሲሠራ ስለ ሌላ ነገር አይጠየቅም።

ንጋትወርቅ ጋራዡን ጠርገው የጥጋቡን ጠረጴዛ መልሰው አስገቡ። ይልቃል የሶኬቱን ቦታ በእርሳስ ሲያሰምር መጥተው ቆሙ።

«ዝቅ አደረግኸው» አሉ።

«ወገብ ላይ ነው፣ እትዬ። ጎርፍ ቢገባ አይደርስበትም።»

«እሱ ረጅም ነው። ጎንበስ ሲል ወገቡን ያመዋል።» መዳፋቸውን ግድግዳው ላይ አድርገው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ወደ ላይ ገፉት። «እዚህ ጋ። ክርኑ እዚህ ነው የሚደርስ።»

ይልቃል አቶ ወልደገብርኤልን አያቸው። አቶ ወልደገብርኤል እርሳሱን ተቀብለው ከሚስታቸው መዳፍ አጠገብ አሰመሩ። አራት ሶኬት ተከሉ፤ ለካውያው፣ ለመብራቱ፣ ለሚጠገነው ራዲዮ፣ አንድም ለሁሪያ ሕልም።

ያለቀው አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። ይልቃል ፊውዙን ከኪሱ አውጥቶ መለሰና ማብሪያውን አነሣ። ግድግዳውን፣ በሩን፣ የጠረጴዛውን ብረት ሁሉ በመፈተሻዋ ዞረበት። የትም አልበራችም። ሁሪያ ሣጥን ገልብጣ ተቀምጣ «እኔ እንኳ ግድግዳ አልነካም፤ በጽሑፍ ካልሰጣችሁኝ» አለች።

«አሁን አምፖሉን ሰክተን እንየው» አለ ይልቃል።

«አይሆንም» አሉ ንጋትወርቅ።

«እንዴት፣ እትዬ?»

«መጀመሪያ የሚሰካው ጥጋቡ ነው። ለገና እኮ ትንሽ ነው የቀረው። እሱ ይመርቀው።»

ይልቃል ሳቀ። «እንደ ፋብሪካ? እንግዲያው ሪባን እናምጣ፤ ከአውራጃም አንድ ጓድ እንጥራ፤ ንግግር ያድርግልን።»

«ጥራ» አሉ ንጋትወርቅ፤ እሳቸውም ፈገግ ብለው ነበር። «እኔ ግን ከእሱ በፊት ማንንም አላስነካም።»

«እትዬ፣ ሳልሞክረው ሠርቻለሁ ብዬ አልሄድም። ደህና መሆኑን በምን እናውቃለን? ልጁ ሲሰካ ነው የምናውቀው?»

ይህ ለንጋትወርቅ ከበዳቸው። አንዴ ሶኬቱን አንዴ ይልቃልን እያዩ ቆሙ። መልስ ከሚስታቸው አፍ ሳይወጣ አቶ ወልደገብርኤል ከጠረጴዛው ላይ የአምፖሉን ሽቦ አነሡና በክርን ልክ ከተተከለው ሶኬት ሰኩት። መብራቱ ቦግ አለ። ነጭ፣ የማይርገበገብ መብራት ነበር፤ የጋራዡን ማዕዘን ሁሉ አሳየ።

«ለምን ሰካኸው?» አሉ ንጋትወርቅ።

«መሥራቱን ለማየት።»

«ለጥጋቡ ነው አላልኩም?»

«ጥጋቡ አይመጣም፣ ንጋቴ።»

ከአፋቸው የወጣው ዘንድሮ ዝናብ የለም በሚሉበት ድምፅ ነበር። ቀኑ ገና አልመሸም። ሽማግሌ የለም፤ የእድሩ ዳኛ የለም፤ የተዘረጋ ምንጣፍ የለም። ይልቃል መፍቻ ይዞ ቆሟል፤ ሁሪያ ሣጥኗ ላይ ናት፤ ንጋትወርቅ እንደ ቆሙ ናቸው። አቶ ወልደገብርኤል ይህን ሁሉ ያዩ ነበር፤ እንዲህ አልነበረም የሚደረገው፤ ግን ቃሉ ወጥቷል።

«ማን አለ?» አሉ ንጋትወርቅ።

«አብሮት የነበረ ልጅ። በባቡር ሲያልፍ ነገረኝ።»

«የቀበረው አለ?»

«እነሱው። ሁሉም ነበሩ አለኝ።»

«መቼ ነው የነገረህ?»

«ለፍልሰታ።»

ሁሪያ እጇን አፏ ላይ አደረገች፤ ከጣቶቿ ሥር «ኢና ሊላሂ» የሚለው በሹክሹክታ ተሰማ። ይልቃል መፍቻውን ጠረጴዛ ላይ ሊያስቀምጥ ሞከረና ድምፅ እንዳያሰማ ፈርቶ መልሶ ያዘው።

«ለፍልሰታ» አሉ ንጋትወርቅ። ድምፃቸው አልተለወጠም። «ጾሙን ስንፈታ ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«እንቁጣጣሽ ጎረቤቱን ስንጠራ?»

«አውቅ ነበር።»

«ለመስቀል ሸሚዝ የገዛሁለት ጊዜስ? አንገቱ ይጠበዋል ወይ ብዬ የጠየቅኩህ ጊዜ?»

«አውቅ ነበር።»

«አይጠበውም ነበር ያልከኝ።»

«አዎ።»

አቶ ወልደገብርኤል ጩኸቱን ጠበቁ። ስንት ቤት በር ላይ፣ ከሽማግሌዎቹ ኋላ ቆመው ሰምተውታል፤ ከየት እንደሚጀምርና እንዴት እንደሚወጣ ያውቁታል። እሱ ሲመጣ ምናልባት በእሳቸውም በኩል የተቆረጠው ነገር ይቀጠል ይሆናል ብለው ጠበቁ። አልመጣም። ንጋትወርቅ የሚያዩት ባላቸውን አልነበረም፤ ግድግዳውን ነበር፤ ከሶኬቱ ዝቅ ብሎ ይልቃል መጀመሪያ ያሰመረውን የእርሳስ መስመር። አውራ ጣታቸውን በምራቃቸው አርሰው አንድ ሁለቴ አሹት፤ መስመሩ ደበዘዘ እንጂ አልጠፋም።

«ንጋቴ» አለች ሁሪያ፤ ልትነሣ ሣጥኑን ገፋች።

ንጋትወርቅ ነጠላቸውን ከትከሻቸው አንሥተው እንደገና ተከናነቡት፤ ጫፉን አስተካከሉ። በሁሪያና በይልቃል መካከል አለፉ። ባላቸው ፊት ሲደርሱም አልቆሙም፣ ፈጠንም አላሉም፤ በተከፈተው በር ወጡ።